ትሉና ቁራሹ

የአብነት ትምህርት በተነሣ ቁጥር አስቀድሞ የሚወሳው የትሉ ታሪክ ነው። ገድለ ያሬድ እንደሚተርከው፣ ሕፃኑ ያሬድ በአክሱም ከዘመዱ ከመምህር ጌዴዎን ዘንድ ሲማር ቀለም አልያዝ እያለው ዓመታት አለፉ። ቅጣቱ ሲበረታበትና ጓደኞቹ ሲሣለቁበት ጉባኤውን ጥሎ ኮበለለ፤ ማይ ኪራሕ በተባለ ስፍራ ከዛፍ ጥላ ሥር አርፎ ሳለም አንድ ትል ግንዱን ሊወጣ ሲሞክር፣ ሲወድቅ፣ ደግሞ ሲሞክር ተመለከተ። ትሉ ደጋግሞ ከወደቀ በኋላ ካሰበው ደረሰ። ያሬድም ተመለሰ፣ ተማረ፣ ኋላም የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የዜማ አባት ሆነ። ታሪኩ ከስብከት ዐውድ ወጥቶ በየትምህርት ቤቱና በየምረቃው ንግግር የጽናት ምሳሌ ሆኖ ሲጠቀስ ኖሯል። የሚወሰድበትም ትምህርት ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ልብህን አጽና፣ ወድቀህ ተነሣ፣ የቀረው ይከተላል። የአብነት ትምህርት ቤቶችን ያለፈ ሕይወት ቀረብ ብሎ ለሚመረምር ሰው ግን ይህ ትምህርት የነገሩን ግማሽ እንኳ አይሞላም። ተማሪውን ለዓመታት ካሰበው መንገድ ሳያወጣ ያቆየው በአብዛኛው በዙሪያው የተበጀለት ሥርዓት ነበር፤ የልቡ ብርታት በዚያ ሥርዓት ላይ የተጨመረ እንጂ እሱን የተካ አልነበረም።

ገድሉ የተጻፈው ያሬድ ኖረበት ከሚባለው ከ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እጅግ ዘግይቶ ስለሆነ ስለ ልጅነቱ የዓይን ምስክር ሊሆነን አይችልም። የሚመሰክረው ከእሱ በኋላ የመጡ ሊቃውንት ስለ ራሳቸው ሙያ ያሰቡትን ነው፤ ለዚያ ደግሞ ውድ ማስረጃ ነው። ታሪኩን እስከ መጨረሻው ስናነበው ብዙዎች ዘለው የሚያልፉት ነገር እናገኛለን። ያሬድ ትሉን አይቶ እዚያው ዛፍ ሥር ሊቅ አልሆነም። ወደ ጌዴዎን ተመልሶ ይቅርታ ጠየቀ፤ ገድሉ የአእምሮውን መከፈት ለጸሎትና ለአምላክ ጸጋ ይሰጣል፣ ቀለሙ የገባው ግን ቀድሞ ባቃተው ቤት፣ በዚያው መምህር ፊት ተቀምጦ ነው። ትሉ የሰጠው የመመለሻ ምክንያት ነው። የሚመለስበት ጉባኤ ተበትኖ ቢጠብቀው ኖሮ ያ ምክንያት ብቻውን የትም አያደርሰውም ነበር።

የጉባኤውን አሠራር ከታች እንጀምር። ንባብ ቤት የገባ ልጅ ፊደል ይቈጥራል፤ ከዚያ አቡጊዳ፣ ከዚያ የዮሐንስ መልእክት፣ በስተመጨረሻ ዳዊት ይከተላል። ያንኑ ጽሑፍ በግዕዝ፣ በውርድ፣ በቁም ንባብ እያለ በየስልቱ ይደጋግመዋል። አንዱን ሳይወጣ ወደ ሌላው አይሻገርም፤ የሚሻገርበትን ቀን የሚቆርጠውም እሱ አይደለም። ቀን ከመጽሐፍ ያነባል፣ ሲመሽ መጽሐፍ በማይታይበት ጨለማ የቃል ትምህርቱን ከሚያውቅ አፍ እየተቀበለ ያስተጋባል። የዚህ አሠራር አንዱ ምክንያት እጥረት ነው። ብራና የሚገኘው ከታረደ ፍየል ወይም በግ ቆዳ ነው፣ መዳመጡና መፋቁ ብዙ ድካም አለው፣ ጸሐፊው በእጁ ነው የሚጽፈው፤ ስለዚህ አንድ ዳዊት የብዙ ልጆች ነበር። ከእጥረቱ የተወለደው ልማድ ግን ከእጥረቱ በላይ አገለገለ። የዕለቱ ቀለም ልጅ የሚችለው ያህል ትንሽ ነው፤ መያዝ አለመያዙን የሚሰማ ጆሮም ሁልጊዜ አጠገቡ አለ። ፊደል ቈጣሪውን ዳዊት ደጋሚው ያስጠናዋል፣ ዳዊት ደጋሚውን የኔታ ይሰሙታል። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ የገባ ልጅ ዛሬ ልማር ወይስ ልቅር እያለ በየማለዳው ከራሱ ጋር አይሟገትም፤ ጉዳዩ ከእጁ ወጥቷል። ዛሬ ስለ ግብና ስኬት የሚያሠለጥኑ ሰዎች የሠልጣኙን ፈቃድ ለማጠንከር ብዙ ይደክማሉ። የኔታ ግን ለተማሪው ፈቃድ የሚተወውን ነገር አሳንሰው ነገሩን ገላገሉት።

ሥርዓቱ ጎልቶ የሚታየው ዜማ ቤት ውስጥ ነው። ድጓ የዓመቱን በዓላትና ወቅቶች ተከትሎ የተደራጀ ሰፊ የመዝሙር መጽሐፍ ነው፤ ተማሪው በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ ዜማ ከመምህሩ አፍ ሐረግ በሐረግ እየተቀበለ፣ እየመለሰ፣ እየታረመ ደጋግሞ ይዘልቀዋል። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የግራኝ አሕመድ ጦርነት አብያተ ክርስቲያናትን ከነመጻሕፍታቸው ካቃጠለ በኋላ፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የዜማውን ምልክት እንደደረሱ በሊቃውንቱ ዘንድ ይነገራል። ከመስመሩ በላይ የሚሰፍሩት እነዚያ ጥቃቅን ፊደላት ድምፁ በየት እንደሚወጣና በየት እንደሚወርድ፣ የት እንደሚረግጥ ያስታውሳሉ። ጦርነቱ ያስተማረው ነገር ያለ ይመስላል፤ ዜማው በጥቂት ሰዎች ጉሮሮ ብቻ ቢቀር ከሰዎቹ ጋር ሊጠፋ እንደሚችል ታይቷል። ሆኖም ምልክቱ መምህሩን አልተካም። ዜማውን አስቀድሞ በጆሮው ላልሰማ ሰው ምልክቱ ብዙም አይናገርም፤ ስለዚህ ተማሪው ከመምህሩ እግር ሥር ሳይነሣ ቀጠለ። የድጓ ተማሪ ቆዳውን ፍቆ፣ ብርዑን ቀርጾ፣ ቀለሙን በጥብጦ የራሱን ድጓ ከነምልክቱ መጻፍም ልማዱ ነበር። ይህን ሲጨርስ በእጁ መጽሐፍ፣ በአፉም ዜማው አለ፤ ማስመስከሪያው ግን ገና ነው፣ ለዚያ በጋይንት ወደምትገኘው ቤተ ልሔም ይወጣል። ዝማሬና መዋስዕት የሚሻ ዙር አምባ ይሄዳል፣ አቋቋም የሚሻ ጎንደር ይወርዳል፣ ቅዳሴ የሚሻ ደብረ ዓባይን ወይም ሰለልኩላን ይመርጣል። ሁሉንም ጉባኤያት ለመዝለቅ ሃያና ሠላሳ ዓመት ይፈጃል የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በአንድ ሐሳብ የጸና ሰው አለ ብሎ ማመን ይከብዳል። የዕለቱን ቀለም ሳያስተጓጉል የሠላሳ ዓመቱን መንገድ የጨረሰ ሰው መኖሩ ግን የታወቀ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የቆየ ተቃውሞ ይነሣል። ይህ ሁሉ ሽምደዳ ነው፣ ሰውን የበቀቀን ያህል ያሠለጥናል፣ ማሰብን ግን ይገድላል ይባላል። ስለ ንባብ ቤትና ስለ ዜማ ቤት ከተነገረ ነቀፋው እውነትነት አለው፤ ትርጉሙን ሳያውቅ ግዕዝ የሚያንበለብል ልጅ በየደብሩ ሞልቶ ነበር። ቅኔ ቤት ሲደረስ ግን ነቀፋው ይሰናከላል። ቅኔ የሌላ ሰው ሥራ በቃል የሚወጣበት ቤት አይደለም፤ ተማሪው የሚጠየቀው ትናንት ያልነበረ ነገር ነው። መምህሩ ይዘርፋሉ፣ ምሥጢሩን ያፍታታሉ፣ ግሱና አገባቡ ይጠናል። በማግስቱ ተማሪዎቹ ዳር ዳሩን፣ ጫካ ለጫካ ተበትነው ቅኔ ሲቈጥሩ ይውላሉ፤ ከዚያ የቈጠሩትን ለመምህሩ ወይም ለአስነጋሪው ይነግራሉ፣ ይታረማሉ፣ ያልሰመረው ይጣላል። ጀማሪው ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ይነሣል፣ እያደር ቤቱ እየበዛ ሥላሴ፣ ዘይእዜ፣ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ይደርሳል። ዋድላ፣ ጎንጅና ዋሸራ የየራሳቸው የአዘራረፍ መንገድ ነበራቸው፤ የአንዱ ተማሪ የሌላውን መንገድ መተቸቱም የትምህርቱ ቅመም ነበር። አንዴ የተቀኙትን ቅኔ በሌላ ቀን መድገም ነውር ነው። ስለዚህ ይህ ልማድ በየቀኑ ይደጋገም እንጂ የሚደጋገመው አዲስ ነገር የመፍጠር ግዴታ ነበር። መንፈሱ እስኪመጣለት የሚጠብቅ ባለቅኔ ለየኔታ ሰበብ አቅራቢ ነው፤ ያማረም ያላማረም የዛሬውን ቈጥሮ መምጣት አለበት። ልማድና ፈጠራ ባላጋራ ናቸው የሚለውን አስተሳሰብ ለመፈተን ከቅኔ ቤት የተሻለ ቦታ የለንም ብዬ አምናለሁ።

ስለ ሊቃውንቱ የማስታወስ ችሎታ ሕዝቡ ሌላ ማብራሪያም ነበረው፤ አብሾ ጠጥቶ ነው ይሉ ነበር። ያ ሁሉ ድጓ፣ ያ ሁሉ ትርጓሜ በአንድ ጭንቅላት ውስጥ መስፈሩ ያለ መድኃኒት የሚቻል አልመሰላቸውም። የትሉ ታሪክ ምሥጢሩን በተማሪው ልብ ውስጥ ያስቀምጠዋል፣ የአብሾ ወሬ ደግሞ በጽዋው ውስጥ። ሁለቱም በየቀኑ በደጃፍ ሲከናወን የነበረውን ነገር አላዩትም። ያም ልመናው ነው።

የአብነት ተማሪ ከአገሩ ርቆ ነው የሚማረው። ከዘመድ አጠገብ መሆን ሐሳብን ይከፍላል፣ ለእርሻና ለከብት ጥበቃ ያስጠራል፤ ስለዚህ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ዱላውን ይዞ ሌላ አገር ይሄዳል፤ ከየኔታ ደጅ ትንሽ ጎጆ ይቀልሳል። መምህሩ የትምህርት ክፍያ አይቀበሉም፤ ተማሪው እንጨትና ውኃ ያቀርባል፣ መምህሩን የሚያኖራቸው ደብሩ ከነበረው መሬት የሚደርሳቸው ድርሻ ነበር። ተማሪውን የሚያኖረው መንደሩ ነው። ከቤት ቤት እየዞረ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል፣ ውሻ ያባርረዋል፣ አንዷ ቁራሽ እንጀራ፣ አንዷ እፍኝ ቆሎ ትሰጠዋለች። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ልብ ወለድ የገጸ ባሕርዩን የበዛብህን ተማሪነት ሕያው አድርገው የሣሉት ይህን ኑሮ እሳቸው ራሳቸው በጎጃም የቅኔ ቤቶች ስላወቁት ነው። ዓለቃ ለማ ኃይሉም ለልጃቸው ለመንግሥቱ ለማ ያወጉትና በ1959 ዓ.ም. የታተመው የትዝታ መጽሐፍ ከመምህር ወደ መምህር እየተዘዋወሩ የሚኖሩትን የዚያን ዘመን ተማሪዎች ዓለም አቆይቶልናል። እነዚህን ምስክሮች ስናነብ ዓይናችን በተማሪው ላይ ማረፉ አይቀርም። እኔን የሚገርመኝ ግን ቁራሹን የሰጠችው እናት ናት። ከራሷ ልጆች ቆርሳ፣ ዝናብም ሆነ በጋ፣ ለማታውቀው የሰው ልጅ በየቀኑ የሰጠች ገበሬ ሴት በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ያላቋረጠች ሰው ነች። ለያሬድ ገድል ተጽፎለታል፤ ለእሷ የጻፈ የለም። ተማሪው አንድ ቀን ቢታክት የሚጐድለው የአንድ ቀን ቀለም ነው። መንደሩ ለአንድ ሳምንት እጁን ቢያጥፍ ግን ጉባኤው ይፈታል።

ተማሪዎቹን ያጸናቸው ፍርሃት እንጂ ሥርዓት አልነበረም የሚል ሰው ይኖራል። አለንጋው እውነት ነው። በፊደል ቤት ኩርኩምና ግርፋት የዕለት ጉዳይ ነበር፣ ኮብላይ ልጅ በእግር ብረት የታሰረበትም ጊዜ አለ፤ ይህን እንደ ጥበብ ማቅረብ ነውር ነው። ነገር ግን አለንጋ የሚያብራራው የንባብ ቤቱን ሕፃን ብቻ ነው። ጎጃም ተወልዶ ቤተ ልሔም ድረስ በእግሩ የተጓዘ ጐልማሳ ማንም አላሰረውም፤ በፈለገ ሌሊት ዱላውን አንሥቶ መሄድ ይችል ነበር፣ ብዙዎችም ሄደዋል። ሌላው ተቃውሞ ከዚህ ይከብዳል። ስለ ጸኑት የምናወራው የጸኑት ስማቸው ስለቀረ ነው፤ በረሃብ፣ በተስቦ፣ በውሻ ንክሻ መንገድ ላይ የቀሩትን፣ ዳዊት ሳይደግሙ ወደ እርሻ የተመለሱትን ማን ቈጠረ? ይህ ክርክር ትክክል ነው፤ የጽናትን ዋጋ ከሊቃውንት የሕይወት ታሪክ ብቻ የሚለካ ሰው ራሱን ያታልላል። ሥርዓቱ ግን ለዚህም መልስ ነበረው፣ መልሱም መንገዱን በየጣቢያው መክፈሉ ነው። ከዳዊት የቆመ ማንበብ ይችላል፣ በዘመኑ ብርቅ የሆነ ሙያ ነው። ቅዳሴ ተምሮ ያቆመ ዲያቆን ይሆናል፣ ዜማ የያዘ ማኅሌት ይቆማል፣ ብርዕ የጨበጠ ጽፎ ያድራል። መምህር የሚሆነው ከብዙዎች አንዱ ነው፤ የቀሩት ግን ባዶ እጃቸውን አልተመለሱም። ፍጻሜው ላይ ብቻ ዋጋ የሚከፍል ግብ ብዙ ሰው ያባክናል፤ የአብነቱ መንገድ በየደረጃው ይከፍል ስለነበር የቀጣዩን ደረጃ ድካም ለመሸከም አቅም ሰጠ።

ሳልሸሽ መቀበል ያለብኝ ግን ሌላ ነው። አለማቋረጥ ወዴት እንደሚኬድ አይነግርም። ጉባኤያቱ ለብዙ መቶ ዓመታት በአንድ ቦይ ሲፈሱ፣ አገሪቱ ሐኪምና መሐንዲስ የፈለገችበት ዘመን መጥቶ አለፋቸው፤ የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ ሲከፈት ከካህናቱ ወገን የገጠመው ጥርጣሬም ያንኑ ጽናት የሚመስል ግትርነት ነበር። ሴት ልጅ ደግሞ ከነጭራሹ ከዚህ መንገድ ውጭ ነበረች ለማለት ይቻላል። ከአባታቸው ተምረው፣ ዓይነ ሥውር ሆነው፣ በጎጃም የቅኔ መምህርት እስከመሆን የደረሱት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ እንደ ተአምር የሚወሱት ሌሎቹ በሩን ስላላገኙት ነው። ችሎታና ቁርጠኝነት በሴቶች ላይ አጥሮ እንዳልነበር የእሳቸው መኖር ብቻ ይመሰክራል። ሥርዓቱ የሚደግፈው ሰው ሩቅ ይሄዳል፤ ሥርዓቱ የዘጋበት ሰው የትሉን ያህል ቢጥርም ከግንዱ አይደርስም።

ክርክሬን ከሁሉ በላይ የሚያጠነክርልኝ ሥርዓቱ ሲናጋ የሆነው ነው። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ሲታወጅ የአድባራትና የገዳማት መሬትም አብሮ ሄደ። አዋጁ ለጭሰኛው ያመጣለት ነጻነት ሌላ ርእስ ነው፣ የሚናቅም አይደለም። የየኔታ ድርሻ ግን ከመሬቱ ጋር ጠፋ፤ ከዚያ በኋላ የመጡት ድርቅና ጦርነት የመንደሩን ሌማት አሳሱት፣ ዘመናዊው ትምህርት ቤት ልጁን ወሰደ፣ ከተማው ጐልማሳውን ጠራ። ብዙ ጉባኤያት ተፈቱ፣ የቀሩትም ሳሱ። በዚያ ዘመን የተወለዱት ልጆች ልባቸው ከአያቶቻቸው ልብ የላላ ሆኖ ነው የሚል ካለ ማስረጃውን ያምጣ። የተለወጠው ከሥራቸው የነበረው መሬትና እንጀራ ነው።

ሥርዓቱ በደኅናው ጊዜ ምን ማድረግ ይችል እንደነበር ለማየት አንድ መጽሐፍ ይበቃል። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ በኢየሩሳሌም የኖሩ፣ ኢጣሊያዊውን ሊቅ ኢኛሲዮ ጒዲንም በአማርኛ መዝገበ ቃላቱ የረዱ ሰው ናቸው። የግዕዝ መዝገበ ቃላት ጀምረው ሳይፈጽሙት አረፉ። ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ሥራውን ተቀብለው የዕድሜያቸውን ትልቁን ክፍል ግስ ከግስ፣ ሥር ከሥር እያነጻጸሩ አሳለፉ፤ የእሳቸውም ስም ከመምህራቸው ስም ጋር ተጣምሮ ቀረ። እሳቸውም መጽሐፉን ታትሞ ሳያዩት በ1936 ዓ.ም. ዐረፉ። አደራው ለደቀ መዝሙራቸው ለአለቃ ደስታ ተክለ ወልድ ተሻገረ። አንድ ሰው ለራሱ ያወጣው ግብ ቢሆን ኖሮ ከመጀመሪያው ሰው ጋር በተቀበረ ነበር። በጉባኤ ቤት ግን ቀለም ከመምህር ወደ ተማሪ መተላለፉ የየዕለቱ ልማድ ስለሆነ ያልተጨረሰ ሥራም በዚያው መንገድ ተላለፈ፤ ለዚህ የተለየ ጀግንነት አላስፈለገም፣ ፊደል ቤት የለመዱት አሠራር በቃ። «መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ» በ1948 ዓ.ም. አዲስ አበባ ታተመ። አለቃ ደስታ የራሳቸውን «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» ለማተሚያ ቤት ያበቁት የመምህራቸውን ሥራ ካስፈጸሙ በኋላ ነው፤ ዓመቱም 1962 ዓ.ም. ነበር።